እንቁላል አይታረድም

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ አንገቷ ላይ ማዳመጫ አንጠልጥላ የምትመጣ መስሎት ነበር። እኔም ከሰፈሩ አልተለየሁም። እሷ ግን በመመረቂያዋ ዓመት፣ ሁዳዴ በገባ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባጃጅ ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የበሬ አጥንት እየጎተተች ወረደች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አጥንት ነው እማ።»

«አጥንት መሆኑንማ አየሁ። ለየትኛው ውሻ ነው?»

«ለመመረቂያዬ።»

ያኔ ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ውስጥ ቁርስ ቤት ነበረችኝ፤ አሁንም አለች፣ እርጅናውን አብረን ተያይዘነዋል። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ፍርፍር እሠራለሁ። እንቁላል በመጥበስ ግን ጅማ ውስጥ የሚደርስብኝ የለም። ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ከሰርቦ ቡና የሚያመላልሱት ሹፌሮች ናቸው፤ እኔ መድገሜ ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የቀረውን ዳቦ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ተማርኩ። ስለዚህ እውቀቴ ጠርዙ ተቀዶ ዘይት የነካው ነው፤ ታሪኩ ሊጥም ሲል ይቋረጥብኛል።

ልጄ የምትማረው ምን ከምን እንደሚሠራ ነበር። ብረቱን፣ ሸክላውን፣ ፕላስቲኩን። አጥንት ከዚህ መሐል በየት በኩል እንደገባ ስጠይቃት ማዳበሪያው ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ።

«ሰው አጥንቱ ተሰብሮ መሐሉ ሲጎድል የሚሞላበት ነገር ይፈለጋል። ከውጭ ነው የሚመጣው፤ እሱም ከተገኘ። እኛ ግን ከሚጣል ነገር ልንሠራው ነው። የከብት አጥንት ተቀቅሎ ስቡ ይወጣል፤ ከዚያ በኃይለኛ ምድጃ ተቃጥሎ ሲፈጭ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ያ ዱቄት ከእኛ አጥንት ጋር ዘመድ ነው። የጎደለው ቦታ ሲገባ ሰውነታችን ‹ባዳ ነህ› አይለውም፤ ተደግፎት አጥንት ይሠራበታል።»

«ታዲያ ወጌሻ ነሽ በይኝ!» አልኳት። «እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት እንቁላል ስሰብር የኖርኩት ወጌሻ ላስተምር ነው?»

ሳቀች። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አስተማሪዋ ከፋሲካ በፊት በቂ ዱቄት ካመጣች፣ ከፋሲካ በኋላ ጥንቸሎች ላይ በሚጀመረው ሙከራ እንደሚያስገባት፣ ካላመጣች ግን ለከርሞ እንደምትቆይ ነግሯታል። አጎቶቿ ደግሞ ከዚያ በፊት «ከዘንድሮ ካለፈ ይበቃታል፣ ትዳርም ወግ ነው» ብለው፣ ሽማግሌ ሊልክ የሚጠብቅ አንድ ሰው አዘጋጅተው ነበር። ሰውየው መጥፎ አይደለም። ልጄ ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ጥርሷን የሚያማት ትመስል ነበር። እንግዲህ ያን ዓመት ፋሲካ ለእኛ ቤት እንዲህ ያለ በዓል ነበር።

ስለ አጥንቱ መጀመሪያ የሰሙት ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው። ሐጂ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በከዘራ እየተደገፉ መጥተው እኔ ቤት ፉል ይበላሉ። ሰርቦ ላይ አይሱዙ ሲያስጭኑ ከላይ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ አሽቶ፣ በሸንበቆ ጠፍሮ አዳናቸው። ዳኑ፤ ግን እሳቸው ወደ ሰቃ ሲሄዱ እግራቸው በተቃራኒው ወደ ሰርቦ ነው የሚያመራው። ይሄን የምለው እሳቸው ራሳቸው ስለሚሉት ነው።

«ልጄ፣» አሏት ፉላቸውን እያማሰሉ፣ «ይሄን በሬ ማን ነው ያረደው?»

«ሁዳዴ አይደለም እንዴ ሐጂ፣ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነው። ከእናንተ ሥጋ ቤት ነው ያመጣሁት።»

«አልሐምዱሊላህ! ለእኔ እግር ይሆናላ። ክርስቲያን ሲሰበርስ?»

«በዚያ እሳት ካለፈ በኋላ ሥጋም ደምም የለውም ሐጂ። የሚቀረው ማዕድን ነው፣ እንደ ድንጋይ በሉት።»

«ድንጋይ ይሁን። ግን አስቢው እስቲ። ሰውየው ድኖ ሲነሳ አንዱ እግሩ ቅዳሴ ሲል፣ አንዱ ጁምዓ ቢልበትስ?»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄም ሳቀች፣ ግን ፊቷ ቀላ። እንደምታውቁት እኛ አንድ ጓሮ ተካፍለን፣ ለቅሶና ሠርግ ተካፍለን፣ ሥጋ ላይ ስንደርስ ነው «የእናንተ» «የእኛ» የምንባባለው። የሐጂ ቀልድ እስከ ማታ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ደርሶ ተመለሰ። በማግስቱ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «የጁምዓዋ እግር እንዴት ናት?» አለኝ።

ቅቀላው ደግሞ እኔ ጓሮ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መቀቀል አይቻልም፣ ሽታው የሌሎቹን ሥራ ያስተጓጉላል ተብላለች። የእኔ ሥራ አይስተጓጎልም መሰለኝ! የልብስ ውሃ የማፈላበትን በርሜል ሰጠኋት፤ ሐጂም ለማገዶ የቡና ገለፈት በጆንያ ላኩልን። ገለፈት ሲነድ ቀስ ብሎ፣ እየጋመ ነው፣ ለአጥንት የሚሆን እሳት ነው። ልጄ በርሜሉን ጥዳ፣ መጽሐፏን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። እኔም ወደ ሽሮዬ ተመለስኩ።

ከዚያ የቅልጥም ሽታ ተነሳ።

እናንተ፣ በሁዳዴ የቅልጥም ሽታ ምን እንደሆነ ያልጾመ አያውቀውም። መንገድ ላይ ያለ ሰው እርምጃውን ይረሳል። ያን ቀን ከቅዳሴ የሚመለሱት የንስሐ አባቴ በሬ ላይ ቆሙ። መስቀል ተሳለምኩ።

«ደህና ናችሁ ልጄ? ምንድን ነው ዛሬ የሚሸተው?»

«ትምህርት ነው አባ።»

«ትምህርት?» አሉ አየሩን ዳግመኛ ስበው። «በእኛ ጊዜ ትምህርት እንዲህ አይሸትም ነበር። የእኛ ትምህርት የደረቀ ቁራሽ ነበር የሚሸተው።»

ጓሮ ወስጄ አሳየኋቸው። ልጄ ተነስታ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ጥንቸሉ፣ ስለ ተሰበረው ሰው ሁሉንም ነገረቻቸው። በጥሞና ሰሟት። በርሜሉን ዞረው አዩት፤ ትንሽ ራቅ ብለው ነው የዞሩት፣ እሳቸውም ጾመኛ ናቸው።

«መልካም ሥራ ነው፣» አሏት። «የተሰበረን መጠገን ጽድቅ ነው።» ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን አንቺ ምግብ ሻጭ ነሽ። መንገደኛ ሲያልፍ አፍንጫውን ነው የሚያምነው። ሽሮዋን በምን እንደምትሠራ ደረስንበት ቢል ምን ትመልሺለታለሽ?»

እውነታቸውን ነበር። በማግስቱ የዘወትር ደንበኛዬ የሆነ አንድ አስተማሪ ሽሮውን በእንጀራ ጠርዝ ነካ ነካ አድርጎ «እትዬ፣ ይሄ… የጾም ነው አይደል?» አለኝ። ሰው ቤት የማይገባ፣ ሐሜት የማያውቅ ሰው! እሱ እንዲህ ካለ ሌላው ምን ይል? በሦስተኛው ቀን ወንበሮቼ እርስ በእርስ ሲተያዩ ዋሉ።

ልጄ ሳልነግራት በርሜሉን አወረደች። እሳቱ ላይ ውሃ ደፋችና ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች።

«ተይው እማ፣» አለች። «ለከርሞ ይሁን።»

አባባሏን ልክ አጎቶቿ እንደሚሉት አድርጋ አለችው። ልጄ በሕይወቷ ነገር ‹ይሁን› ብላ አታውቅም፤ ሕፃን ሆና ጡት ያስጣልኳት እንኳ ከብዙ ድርድር በኋላ ነው።

ሐጂ በማግስቱ ሲመጡ ባዶ ወንበሮቹን አዩ፣ ልጄን አዩ፣ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። ቀልዳቸውና ሽታው ተደምረው ያደረሱትን ሳይሰሙ አልቀሩም። ፉላቸውን ሳይነኩ ጠየቋት።

«ከአጥንት ሌላ የሚሆን የለም?»

«አለ። የእንቁላል ቅርፊት ይሆናል። ሲቃጠል ኖራ ነው፤ ላዩ ላይ ፎስፌት ተጨምሮበት እንደ አጥንቱ ዱቄት ይሠራል። አስተማሪዬም ይሆናል ብሎኛል። ግን ብዙ ቅርፊት ነው የሚፈልገው።»

«ታዲያ ምን አስቀመጠሽ? እንቁላል አይታረድም! ቢስሚላህም በስመ አብም ሳይባልበት ነው የሚሰበረው። የማንም እግር ውስጥ ቢገባ ጠያቂ የለው።»

«ሁዳዴ ነው ሐጂ፣» አልኩ እኔ። «የጅማ እንቁላል ጠባሽ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች፣ አያዩኝም? በእኔ ቤት እስከ ፋሲካ እንቁላል የሚሰብር የለም።»

«በእኔ ቤትስ ሁዳዴ አለ?» አሉና ከዘራቸውን አነሱ። «ሚስቴን አነጋግሪያት።»

ሚስታቸውን አዴ ነው የምላቸው፤ በኦሮምኛ የተከበረች ሴት የምትጠራበት ነው። ግቢያችንን የሚለየው አጥር አንድ ቦታ ላይ ሰንጠቅ ብሏል። በዚያ ስንጥቅ ያልተላለፈ ነገር የለም፤ እሳት፣ ጨው፣ ወሬ። ጠርቻቸው የእንቁላል ቅርፊት ሳይጥሉ እንዲያስቀምጡልኝ፣ ዘመዶቻቸውም እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው። «ለልጅቷ ትምህርት ነው» አልኩ። አዴ ፊቴን ትንሽ አዩኝ። ከዚያ በስንጥቁ እጃቸውን አሳልፈው እጄን ጨበጡ።

«ኤዬ፣ ኢንተላ ኮ። ምንም አታስቢ፣ እሺ የእኔ ልጅ? ምንም አታስቢ።»

ለቅርፊት ይሄ ሁሉ ማጽናናት ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰፊ ሳሕን መጣ። ልጄ በደስታ ገለጠችው። ሙሉ እንቁላል ነበር። ድፍን፣ የታጠበ፣ የሚያብረቀርቅ እንቁላል።

«በስህተት ነው፣» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ከሰርቦ የአዴ እህት በጭድ የተሞላ ቅርጫት ላኩ። ድፍን እንቁላል። በማግስቱ ከሰቃ፣ የቡና መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሹፌሩ ይልቅ ተከብሮ ሌላ ቅርጫት መጣ። እሱም ድፍን። ከዚያ የቀበሌው አንድ ለአምስት አደረጃጀት መሪያችን ሰማችና በስብሰባ ላይ አነሳችው፤ ያ አንድ ለአምስት የሚሉት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ሲውል አየሁ፣ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቼ ሁሉ እንቁላል ይዘው መጡ። አልጋ ሥር እንቁላል፣ ቁም ሳጥን ላይ እንቁላል። ልጄ መሐሉ ላይ ቆማ እንባዋ መጣ።

«እማ፣ ቅርፊት ነው እኮ ያልኩት! ይሄን ምን አደርገዋለሁ? አንበላው፣ አንሸጠው!»

መሸጡማ የማይታሰብ ነው፣ ስጦታ ነው። መመለሱ ደግሞ ስድብ ነው። አስቀምጠን ፋሲካን ብንጠብቅ ቀኑ ያልፋል። ዝም ብለን ብንሰብረው የሰው ልጅ ሲሳይ መድፋት ነው፣ እግዜርም አላህም ይታዘበናል። ቅርፊቱ አጠገባችን ነው፤ መሐሉ ያለው ነገር ነው ያስቸገረን።

አጥሩ ሥር ሄጄ አዴን ጠራኋቸው።

«አዴ፣ እኔ እኮ ቅርፊት ነው ያልኩዎት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ሰው ሲቸገር በቀጥታ ይናገራል እንዴ? ወንበርሽ ባዶ ሆኖ አየሁት። ገበያሽ ቀዝቅዟል። አንቺ ደግሞ ኩሩ ነሽ፣ ‹እንቁላል ስጡኝ› አትይም፤ ‹ቅርፊት› አልሽ። ገባኝ። የፋሲካ ገበያ ሲከፈት እንድትጀምሪበት ብዬ ነው።»

«አይደለም አዴ፤ እውነቴን ቅርፊቱን ነው የምፈልገው!»

«ወላሂ? ቅርፊት?» አሉ። «እንዲያም ቢሆን አልክም። ሰው ምን ይለኛል? ‹እንቁላሉን በልታ ቅርፊቱን ለጎረቤቷ ላከች› አይለኝም? እኔ ለጎረቤቴ ቆሻሻ ልላክ?»

ከዚህ በኋላ ሙግት የለም። ሰውን ክፉ እንዲሆን ማሳመን ይቻላል ይባላል፤ ደግ ሰውን ከደግነቱ መመለስ ግን እኔ አልሆነልኝም። ወደ ቤት ስመለስ ቡታጋዜ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የሁዳዴ ሥራ ፈት መጥበሻዬም ከላዩ ተሰቅሏል።

«ልጄ፣» አልኩ፣ «አንሺው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

በሐጂ ግቢ ውስጥ ረጅም መጠለያ አለ፤ ሴቶች ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ፣ ጥቁሩን ከደህናው ይለያሉ። ቡታጋዛችንን፣ እንቁላላችንን፣ ቅርጫታችንን ይዘን በበሩ ስንገባ ለቃሚዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። አዴ ብቅ ብለው አፋቸውን ያዙ።

«አዴ፣» አልኩ፣ «ስጦታዎን ተቀብያለሁ፤ ቤቴ ገብቷል፣ አድሯል፣ የእኔ ሆኗል። አሁን እኔ ደግሞ ግብዣ አለብኝ። መጥበሻ ብቻ ያውሱኝ፣ የእኔ መጥበሻ እንደ እኔው እስከ ፋሲካ ጾመኛ ነው።»

እንዲህ ሆነና በሁዳዴ መሐል፣ ጾመኛዋ እኔ፣ የጅማ ሙስሊም ሰፈር ቁርስ አቅራቢ ሆንኩ። ቃሪያው፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ። ሽታው! አንድ ችግር ግን ነበር፤ መቅመስ አልችልም። ዕድሜዬን ሙሉ ጨው የምለካው በምላሴ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መጥበሻ ሲወጣ አዴን እጠራለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ቀምሰው «ትንሽ» ወይም «በቃ» ይላሉ። የአዴ ምላስ ግን ጨው ይወዳል።

ሐጂ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጡና ውሃ ጠየቁ።

«ይቺ ናት የጅማ እንቁላል ጠባሽ? እስላም ሆነን ሁዳዴ ባንጾም በጨው ልትቀጣን ነው?»

«የሚስትዎን ምላስ ይጠይቁ!» አልኳቸው። ለቃሚዎቹ ሳቁ። አዴም የሰሙ አልመሰሉም፣ አንድ ቁንጥር ጨምረው ነሰነሱ።

ልጄ ከመጠለያው ጫፍ ውሃ በሳፋ አቅርባ ቅርፊት ታጥባለች። ከቅርፊቱ ውስጥ ስስ ሽፋን አለ፣ እንደ ሽንኩርት ልብስ የምትላጥ። እሷ ካልተላጠች አይሆንም አለች ልጄ። እሷን መላጥ ትዕግሥት ነው፤ ትበጠሳለች፣ ጣት ላይ ትለጠፋለች። ሐጂ ቆመው እያዩ ብዙ ከተቹ በኋላ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ፣ ጠማማዋን እግራቸውን ዘረጉ፣ አንድ ቅርፊት አነሱ።

«የቡና ገለፈት ስልጥ ያደግሁ ሰው ይቺ ታቅተኛለች?»

አቃተቻቸው። ሁለተኛዋም አቃተቻቸው። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሊያስነሳቸው አልቻለም። ማንም ሰው ሲመጣ «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ይሉ ነበር።

በየቀኑ እየሄድኩ ጠበስኩ፤ ሰዉ እየበላ፣ ቅርፊቱ እየተከመረ፣ ሆሳዕና እየቀረበ መጣ። ተራው የምድጃው ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ምድጃ በመብራት ነው የሚሠራው፣ መብራት ደግሞ ያኔ በፈረቃ ነበር። ልጄ ቅርፊቷን ከትታ ስትጠብቅ ይጠፋል፤ ተስፋ ቆርጣ ስትመጣ «መጣ» ይባላል። በሰሙነ ሕማማት መጀመሪያ ስግደት ላይ እያለሁ አጠገቤ መጥታ ተንበረከከች። በነጠላዋ ሥር አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አሳየችኝ። ከዚያ ሁሉ ቅርጫት፣ ከዚያ ሁሉ ጨው የወጣችው ይቺ ናት። ዱቄቷ ነጭ ነበር፤ ማኛ ጤፍም እንዲህ አይነጣም።

«ይበቃል?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ይሄ ለእናንተ ማሳያ ነው። ሌላውን አስተማሪዬ ተቀብሎኛል። ገብቻለሁ እማ።»

ያን ቀን የሰገድኩት ስግደት ግማሹ ምስጋና ነው፣ እግዜር ለይቶ ይቀበለኝ።

የጥንቸሎቹን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁና ልረፍ። በክረምቱ አጥንታቸው ሲታይ ዱቄቱ በገባበት ቦታ አዲስ አጥንት ጀምሮ ነበር፤ ሁሉም ላይ እኩል አይደለም፣ ግን ጀምሮ ነበር። ልጄ ተመረቀች፣ አሁንም እዚያው ሥራ ላይ ናት። ሽማግሌ ሊልክ የነበረው ሰው አጋሮ ላይ አግብቶ ወልዷል፣ ደህና ነው። ሐጂ «ለእኔስ እግር?» ሲሏት ለሰው ለመድረስ ገና ብዙ እንደሚቀረው ነገረቻቸው። «እኔ ልጬ ልጬ ጥንቸል ትቅደመኝ!» አሉ። ይሄን ቅሬታ እስከ ዛሬ ሳይሰለቹ ያሰማሉ።

እኔ ግን ሁሌ የማስታውሰው የፋሲካውን ጠዋት ነው። ጾሙ ተፈቶ፣ ከዚያ ሁሉ ጠረን በኋላ እኔም የራሴን እንቁላል በራሴ ምላስ ቀምሼ ልጠብስ መጥበሻዬን ስጥድ፣ ከአዴ ቤት ሳሕን መጣ። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ያው ሰፊው ሳሕን። ልጄ ገለጠችው።

ቅርፊት ነበር። ቅርፊት ብቻ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ እንደ ሲኒ። ልጄ አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«እማ፣ ሽፋኑ ተልጧል! ያውም በሐጂ ጥፍር ነው፣ አውቀዋለሁ።»

በአጥሩ ስንጥቅ የአዴ ድምፅ መጣ። «እንኳን አደረሳችሁ! እንቁላሉን እኛ በልተነዋል። ይኸው ቆሻሻ ላክሁልሽ፣ ደስ አለሽ?»

እንዲህ ያለ የበዓል ስጦታ ተቀብዬ አላውቅም። ሳሕን ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ዶሮዬን አይበሉልኝም። ስለዚህ ከድፎዬ መሐሉን፣ ለስላሳውን ቆርጬ ሳሕኑን ሞላሁት። ልጄ ጨርቁን አለበሰችው፣ ወደ አጥሩ ሁለት እርምጃ ሄደችና ዞር አለች።

«እማ፣ አሁን አዴ ዳቦውን በልተው ፍርፋሪውን እንዳይልኩልን።»